አራተኛዋ ብሪንካ

ባለቤቴ ጥዑመልሳን ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፤ ከሱ አፍ አንድ ቃል ከማውጣት ጥርስ መንቀል ይቀላል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ስለ ራሱ የተናገረው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እጁ ግን አያርፍም። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ያለው ቤታችን ውስጥ እሱ ያልፈታውና ያልገጠመው ነገር የለም። ሳሎናችን ያለችውን ሼልፍ ጎረቤት አውጥቶ ከጣለው አልጋ ነው የሠራት፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶ፣ ጋራዡን በሰጋቱራ ሞልቶ፣ እኔን በማስነጠስ ሊገድለኝ ደርሶ። ሼልፏ አልቃ በቆመች በሳምንቷ ፀደንያ መጣች፤ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ውይ ስታምር፣ ከየት ገዛችኋት?» አለች። ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ከሱቅ ናት።»

ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። ፀደንያ እስክትወጣ ጥርሴን ነክሼ ቆየሁና ለምን ዋሸሃት አልኩት።

«ከሱቅ ናት ካልኩ ጥያቄ የለም። እኔ ነኝ ካልኩ ጠጋ ብላ ታያለች፤ መጣመሟን ታገኛለች» አለኝ።

«ተጣማለች እንዴ?»

«ትንሽ።»

ይሄ በሽታ የት እንደያዘው አውቃለሁ። የያዘው በ1959 ዓመተ ምሕረት፣ ፒያሳ፣ ገብረመድኅን ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ያኔ ጥዑመልሳን የሃያ አራት ዓመት ፎቶ አንሺ ነበር፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ገብረመድኅን ደግሞ ብሪንካ የምትባል የጀርመን ካሜራ ነበረቻቸው። የሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ የከተማው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ለፎርም የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ በራቸው ላይ ይሰለፋል። የዚያን ዓመት ፊልም ከገበያ ጠፋ። ጥዑመልሳን አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብሎ ከሰርዲን ቆርቆሮ ክብ ነገር ቆረጠ፤ የክቧን ሩብ ሸንሽኖ አወጣ፤ ጥቁር ቀለም ቀባና ካሜራዋ ሆድ ውስጥ ገጠማት። ከውጭ በትንሽ ቁልፍ ስትዞር የፊልሙን አንድ ጥግ ብቻ ለብርሃን ትከፍታለች፤ እንደገና ስትዞር ሌላውን ጥግ። በየጥጉ ቀጭ ብላ እንድትቆም ከእስክሪብቶ ስፕሪንግ አውጥቶ አስገባላት። በቃ። አንድ ሰው በሚወጣበት ፊልም ላይ አራት ሰው መውጣት ጀመረ።

ጋሼ ገብረመድኅን ካሜራዬን ገደልክ ብለው ሊመቱት ተነስተው ነበር። ፊልሙ ታጥቦ አራቱን ፊት ሲያዩ ተቀመጡ። ከዚያ አሰቡ አሰቡና፣ «ይሄን አንተ ሠራኸው ከተባለ ማንም አይነሳበትም። ፋብሪካው ነው የሠራው በል» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ የፒያሳ ሰው ያኔ ከውጭ ያልመጣ ነገር አያምንም ነበር፤ አሁንም አያምንም። እንዲያውም ለማስመሰል ክቧ ቆርቆሮ ላይ የጀርመን ፊደልና የፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት፣ ቁጥር በመርፌ አስቀረጹት። ፊደሉና ቁጥሩ ከየት መጣ? ከቤታቸው ፋኖስ ቂጥ ላይ ተገልብጦ።

እኔ በዚያው ሰሞን ለድሬሰር ትምህርት ቤት ጉርድ ልነሳ ሄድኩ። ጋሼ ገብረመድኅን «ጀርመኖች እኮ አይቻሉም፣ አራቱን ባንዴ ነው የምታነሳው» እያሉ ለደንበኛ ይለፍፋሉ። እሳቸው ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ይሄ ዝምተኛ ወደኔ ጎንበስ አለና፣ «እኔ ነኝ የሠራኋት። ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔ ሰውየውን ያገባሁት ለዚያች ለአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ አልደገማትም። ወንበር ይሠራል፣ «ከሱቅ ነው» ይላል፤ የጎረቤት መኪና ያስነሳል፣ «ራሷ ተነሳች» ይላል። እኔ ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺን ዐረፍተ ነገር ጠበቅኩ፤ እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፎቶ ቤቱ በደርግ ጊዜ ሲዘጋ ጋሼ ገብረመድኅን ካሜራዋን ለሱ ሰጡት። ሱዳን ስንገባ ከልብሳችን በፊት እሷን ነው የያዘው። ካርቱም ውስጥ ለስደተኛ ፎርም ጉርድ ያነሳባት ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ አዲስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ የሚንጎራደደው ሰው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ያለችው ያቺ የከሳች ፊት በብሪንካ የተነሳች ናት። አሜሪካ ከገባን በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ በሹራብ ተጠቅልላ ተቀመጠች፤ እሱም ግሬፕቫይን ላለ አንድ ሆቴል ከኤርፖርት መንገደኛ የምታመላልስ ሻትል ነጂ ሆነ። እኔ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሥራ ገባሁ።

በፈረንጆቹ በ1996፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ሻትሉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈረ። ሀርላን ይባላል፤ የማኪኒ ሰው ነው፤ ከስልክ ኩባንያ በጡረታ የወጣ ኢንጂነር። መኪናውን ሆቴሉ ፓርክ አድርጎ ነበር የበረረው፤ አሁን ሊወስዳት ነው። አንገቱ ላይ ካሜራ አንጠልጥሏል። ጥዑመልሳን ለመንገደኛ ከ«ዌልከም» በቀር ምንም የማይለው ሰውዬ፣ በመስታወት አየት አደረገና፣ «ብሪንካ ሁለት። ሻተሯ በብርድ ይይዛል» አለ፤ ብርሃን የምታስገባዋን መዝጊያ ማለቱ ነው።

ሽማግሌው ቀበቶውን ፈትቶ ወደፊት መጣ። ዳላስና ፎርት ዎርዝ ውስጥ ብሪንካን በስም የሚያውቅ ሰው ከሱ የብሪንካ ሰብሳቢዎች ክለብ ውጭ አጋጥሞት አያውቅም። ባለቤቴ ደግሞ የጀመረውን ካልጨረሰ አይሆንለትም፤ «እኔም አለኝ። የእኔዋ በአንድ ፊልም አራት ሰው ታነሳለች» ብሎ አከለበት። ሀርላን ሆቴሉ ጋ ሲወርድ የስልክ ቁጥራችንን ወስዶ ነው የወረደው። አመሻሹ ላይ ኮል አደረገ፤ ቅዳሜ መምጣት እችላለሁ ወይ አለ።

ቅዳሜ መጣ። ወረቀት የታጨቀበት ትልቅ ባይንደር ታቅፎ፣ ለሽምግልና እንደተላከ ሰው ጫማውን ወልውሎ። ፓስታ አቀረብኩለት፤ ፓስታው እስኪበርድ የዚያን ፋብሪካ ታሪክ ተረከልን። እኔ ያልገባኝን እየጠየቅኩ ነው የሰማሁት፤ ሶ እንደገባኝ እነግራችኋለሁ።

ኦቶ ብሪንክል የሚባል ጀርመን ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ አንድ የተዘጋ የአዝራር ፋብሪካ ያዘና አሥራ ሁለት ሰው ቀጥሮ ካሜራ መሥራት ጀመረ። በጦርነቱ ጊዜ ምን ይሠራ ነበር ብዬ ስጠይቅ ሀርላን ሳል ያዘው፤ ውሃ ሰጥቼው አለፍነው። የመጀመሪያዋ ሞዴል ብርሃን ታስገባለች፤ ያነሳችው ሰው ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ሁለተኛዋ በብርድ ትደነዝዛለች፤ የጀርመን ካሜራ በጀርመን ብርድ መደንዘዟን እነሱ እንደ ትንሽ ነገር ነው የሚያዩት። ሦስተኛዋ ደህና ሆነች። ደህና በሆነች በዓመቷ ጃፓኖች መጡና ፋብሪካው በፈረንጆቹ በ1958 ተዘጋ። ብሪንክል በዚያው መሣሪያ ላይ የድንች መላጫ መሥራት ጀመረ፤ ሃያ ዓመት ሠራ። መላጫው አንድም ቀን አልተበላሸም። ታዲያ ክለቡ ለምን የመላጫው አልሆነም ብዬ ጠየቅኩ። ጥዑመልሳን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ብሪንክል ፋብሪካው ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ለመታወቂያ የሚሆን፣ በአንድ ፊልም አራት ትንንሽ ፎቶ የምታነሳ ብሪንካ እያሰብኩ ነው ይላል። ይሄው ነው፤ እያሰብኩ ነው። ከዚያ ወዲህ አራተኛዋን ብሪንካ ያየ የለም። ክለቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ተሠርታለች ይላል፣ ግማሹ አልተሠራችም ይላል፤ በዚህ የተነሳ የማይነጋገሩ ሽማግሎች አሉ። ሀርላን የፋብሪካውን ታሪክ መጽሐፍ ሊያወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጽፍ ኖሯል፤ መጽሐፉ ያላለቀው በዚች በአራተኛዋ ምክንያት ነው።

ጥዑመልሳን ሹራቡን ፈትቶ ካሜራዋን አስቀመጠለት። ሀርላን የኋላ ክዳኗን ከፈተ። ክቧን ቆርቆሮ አየ፤ ቁልፉን አዞረ፤ ቀጭ አለች። እንደገና አዞረ። የተቀረጸውን ፊደል በአጉሊ መነጽር አነበበ፣ ቁጥሩንም ጻፈ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ዐይኑን በናፕኪን ያዘው። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ነርሲንግ ሆም ውስጥ በየቀኑ አያለሁ፤ ደስ ብሎት የሚያለቅስ ግን ብዙ የለም።

«ከፋብሪካው ስትወጣ እንዲህ ሆና ነው?» አለ።

ጥዑመልሳን ሽማግሌውን አየ፣ ካሜራዋን አየ፣ እኔን አላየኝም።

«ፋብሪካው ነው የሠራት» አለ።

በእጄ የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ሀርላን ከሄደ በኋላ የተባባልነውን ሁሉ አልጽፈውም። እሱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ሰውየው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈልጎ አግኝቶ እያለቀሰ ነው፤ እንዴት የሰርዲን ቆርቆሮ ናት ይበለው? ሁለተኛው ገና የሚጠብቀው የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ነው። ፎርሙ ላይ፣ ወንጀል ሠርተህ ያልተያዝክበት ጊዜ አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። የጀርመን ፓተንት መፈብረክ ወንጀል ነው፤ እጁ ነው የቀረጸው።

«አንተ፣ በ1959 ፒያሳ ላይ ከፋኖስ ቂጥ የገለበጥከው ለኢሚግሬሽን ምኑ ነው?»

«ጀርመን የአሜሪካ ወዳጅ ናት» አለኝ፤ የምሩን ነው።

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። የኔን ነገር ነገርኩት። በዚህ ዓለም ላይ እኔ ነኝ የሠራሁት ብለህ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ለኔ ብቻ ነው የነገርከኝ፣ ዛሬ እሱንም ወስደህ ለሞተ ጀርመን ሰጠህብኝ አልኩት። እሱ ሄዶ የኩሽናውን መሳቢያ መፍታት ጀመረ፤ መሳቢያው ምንም አልሆነም ነበር።

በጋው አለፈ። ሀርላን አንዴ ካሜራዋን ሊሞክራት ተውሶ መለሰ፣ በየወሩም ኮል ያደርጋል፤ መስከረም ላይ አዲስ የጻፈውን ምዕራፍ በፖስታ ላከልን። ርዕሱ «አራተኛዋ ብሪንካ» ነው። ጥዑመልሳን አላነበበውም፤ እኔ ዲክሽነሪ ይዤ በምሳ ዕረፍቴ ሁለት ቀን አነበብኩት። «የኦቶ ብሪንክል ባለ ተሰጥኦ እጆች» የሚል ነገር ሦስት ቦታ አለበት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ የቀረውን ምሳዬንም አልበላሁም። የኔ ባል ስም የት አለ? መጨረሻው ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የአሁኑ ባለቤት የሻትል ሾፌር ናቸው» ይላል።

የክለቡ ዓመታዊ ስብሰባ ጥቅምት ላይ ነበር፤ ግሬፕቫይን፣ እሱ በሚነዳበት በዚያው ሆቴል። ሀርላን ካሜራዋን ለክለቡ ሊያሳይ ነው፤ እኛ የክብር እንግዳ ነን። መኪና ውስጥ፣ «አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አለኝ። «አልተነፍስም» አልኩት። እንዲያውም በጊዮርጊስ ማልኩለት። ጊዮርጊስ ይቅር ይበለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው አለ፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ ስም ለጥፈዋል፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ ብሪንካ አለ። ስገባ ሥራ የገባሁ መስሎኝ የደም ግፊታቸውን ልለካ እጄ ተነስቶ ነበር። ተሠርታለች የሚሉት በግራ፣ አልተሠራችም የሚሉት በቀኝ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የብሪንክል ልጅ አለች፤ ግሬቴ የምትባል ስድሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት፤ ሀርላን ከጀርመን ድረስ ጋብዟት ነው የመጣችው። ስትንቀሳቀስ ታቦት የወጣ ያህል ገለል ይሉላታል። እሷ ግን ሰው ተሳስታችኋል በሚል ዐይን ታያቸዋለች፤ ስለ ክለቡ ምን ታስቢያለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ «ቤቴ ውስጥ አሥር የድንች መላጫ አለኝ። ካሜራ የለኝም» አለችኝ። ወዲያው ወደድኳት።

ሀርላን ሙሉ ልብሱን ለብሶ ተናገረ። የአዝራር ፋብሪካው፣ አሥራ ሁለቱ ሰዎች፣ ደብዳቤው፣ አሥራ ዘጠኙ ዓመት። ከዚያ ካሜራዋን አንስቶ፣ የአባትሽ የመጨረሻ ሥራ ናት ብሎ ለግሬቴ በሁለት እጁ ሰጣት። በግራ የተቀመጡት አጨበጨቡ።

ግሬቴ ክዳኗን ከፈተች። ቁልፉን አዞረች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቆርቆሮውን ወደ መብራቱ አዘንብላ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ሳቀች፤ የሆድ ሳቅ።

«አባቴ ይሄን አልሠራም» አለች። «አባቴ መቀስ ሲያነሳ እናቴ ከክፍሉ ታስወጣን ነበር። የሱ እጅ ለሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሆነው፤ ለመፈረምና ለቢራ። በፋብሪካው ውስጥም እንዲህ የሚቆርጥ ሰው አልነበረንም። ቢኖረን ኖሮ አንዘጋም ነበር።» ከዚያ ቀና አለች። «ማነው የሠራው?»

ሠላሳ አንዱም ወደ ጥዑመልሳን ዞሩ። እንዲህ ያለ ምስጋና አንድ ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ያገኛል? የፋብሪካው ባለቤት ልጅ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ማነው የሠራው እያለች ነው። ባለቤቴ ተነስቶ ቆመ። ከረባቱን ነካ አደረገ።

«ፋብሪካው ነው» አለ።

ሰው ልማዱን በግሬፕቫይንም አይተውም። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «እሱ ነው የሠራት። በሰርዲን ቆርቆሮ፣ አዲስ አበባ፣ በእናንተ በ1967። ፋብሪካው ነው እንዲል አለቃው ነው ያዘዘው፤ እስከ ዛሬ ትዕዛዙን ያነሳለት ሰው የለም። የተጻፈው ቁጥርም የፋኖስ ቁጥር ነው።» እንግሊዝኛዬ ስናደድ ደህና ይሆናል።

ጥዑመልሳን ተቀመጠና ጫማውን ማየት ጀመረ። በቀኝ ካሉት አንዱ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አየሁት፣ መልሶ ዘጋው። እኔ የማየው ግን ሀርላንን ነው። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ያን ጊዜ አንጀቴን በላኝ፤ ምናለ ዝም ብል አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ሀርላን ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ። ከጀርመን ፓተንት ቢሮ የመጣ መልስ ነው። ቁጥሩ የፋኖስ ማቀጣጠያ ቁጥር እንደሆነ ጽፈውለታል።

«ከመጣ ሁለት ሳምንቱ ነው» አለ። «እነሱ ይሆናሉ የተሳሳቱት ብዬ ነበር።»

ለካ ሁለቱም ያውቁ ነበር። አንዱ ሌላውን እንዳያሳዝን ስድስት ወር ሙሉ፣ ሌላው ራሱን እንዳያሳዝን ሁለት ሳምንት፣ ሲዋሹ ከርመዋል፤ መሐል ላይ የተቃጠልኩት እኔ።

ሀርላን ወደ ጥዑመልሳን ጠረጴዛ መጣና ከፊቱ ቆመ። «አሳየኝ» አለው። ቁጣ ነው ልመና፣ አልለየሁትም።

ከሆቴሉ ሪሴፕሽን መቀስ መጣ። ከጠረጴዛው ላይ ባዶ የለስላሳ ጣሳ ተነሳ። ግሬቴ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ስፕሪንጉን ራሷ ፈታችለት። ጥዑመልሳን ቤት እንገናኛለን በሚል ዐይን አየኝና ኮቱን አወለቀ። ጣሳውን ሰነጠቀ፣ ዘረጋው፣ በማንኪያ ጀርባ ደልድሎ አለሰለሰው። በውሃ ብርጭቆ አፍ ክቡን ለካ። ሠላሳ አንዱም ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቡት፤ ግራና ቀኙ ተደባለቀ።

ከዚያ ባለቤቴ መናገር ጀመረ። በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ፣ ተናገረ። ሩቡ ለምን ልክ ሩብ እንዳልሆነ፣ ለምን ትንሽ ጠበብ እንደሚል፤ አራቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ እንዳይደባለቁ ካሜራዋን ስንት ስንት ጣት እንደሚያዘነብል፤ መጀመሪያ ያደረገው የቲማቲም ጣሳ ለምን እንዳልሆነለት፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ሲስቅ ሌሎቹ ሦስቱ እንዳይበላሹ ምን እንዳደረገ። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ «ታዲያ ይሄን ማን አሳየህ?» አለው።

«ማንም። እኔ ነኝ የሠራኋት» አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ ግን ያቺው ናት። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ዐረፍተ ነገር በሠላሳ አንድ ፈረንጅ መሐል ስትወጣ፣ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩና አለቀስኩ። ስመለስ አዲሷ ክብ ቀጭ እያለች ነበር።

ሀርላን ሥራውን እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ፤ አንድ ሁለት ፎቶም አነሳ። ሲያልቅ ባይንደሩን ታቅፎ ሳይሰናበተን ወጣ። በ635 አውራ ጎዳና ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ጥዑመልሳን «የሰውየውን ልብ ሰበርሽው» አለኝ። «የኔን ማን ጠየቀኝ?» አልኩት።

ሲቲዝንሺፑ በሚቀጥለው ሚያዝያ አለፈ። ኢንተርቪው ያደረገችው ሴት ስለ ፋኖስ ምንም አልጠየቀችውም።

መጽሐፉ የመጣው በ1998 ክረምት ነው። በፖስታ፤ ማስታወሻ የለበትም፤ ከማኪኒ የተላከ መሆኑን በማኅተሙ ነው ያወቅነው። ሦስት መቶ ገጽ። «አራተኛዋ ብሪንካ» የሚለው ምዕራፍ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የለም። ከፊት ወደ ኋላ ገለጥን፤ ስሙ የለም። መጨረሻው ላይ «ፌክ ብሪንካዎች» የሚል ምዕራፍ አለ፤ እዚያ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ላይ፣ የኔ ባል። ደሜ ፈላ። የመኪና ቁልፌን አንስቼ ማኪኒ ድረስ ሄጄ ለዚያ ሽማግሌ የሚገባውን ልነግረው ወደ በሩ ሄድኩ።

«ቆይ» አለኝ ጥዑመልሳን። «ነይ እይ።»

ሄድኩና አየሁ። መጽሐፉ መሐል የፋብሪካው ሠራተኞች በር ላይ ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ያኔ አርባ ሰው ደርሰዋል። ከሥሩ «ሠራተኞች፣ 1953» ይላል። ሌንሱን የሞረደው ማን ነው፣ ሻተሩን የገጠመችው ማን ናት፣ አንድም ስም የለም። ሦስት መቶ ገጽ ውስጥ በእጁ የሠራ ሰው ስም የለም፤ ብሪንክል አለ፣ ሌላው ፋብሪካው ነው። ስም ያለው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቻ ነው። ምክንያቱም ፌክ የሠራ ሰው መታወቅ አለበት፤ እንዲህ ይላል፤ «ጥዑመልሳን አየለ፣ አዲስ አበባ፣ 1967፤ ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ በእጅ።» ከጎኑ ሀርላን በራሱ ብሪንካ ያነሳው ፎቶ አለ፤ ጣሳና መቀስ የያዙ ሁለት እጆች። ከሥሩ አንድ መስመር፤ «ጸሐፊው ሞክሯታል። ከእውነተኞቹ ይልቅ በደንብ ትሠራለች።»

ቁልፌን መልሼ ሰቀልኩት። ጥዑመልሳን ያን ገጽ ክፍት እንዳደረገ መጽሐፉን ሼልፏ ላይ አቆመው፤ ሰው ገና ሲገባ እንዲያየው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀደንያ መጣች። መጽሐፉን አላየችም፤ የሷ ዐይን ሼልፏ ላይ ነው። «ስሙኝማ፣ ይቺን ሼልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልፈለግኩበት ሱቅ የለም። እባካችሁ የየት ሱቅ ናት?» አለች።

ጥዑመልሳን አየኝ። ጆሮው ቀላ።

«ፌክ ናት» አላት። «እኔ ነኝ የሠራኋት።»